ከቮልጋ ዳር ካናቢስ እስከ ጎጃም ማሳ፦ ኒኮላይ ቫቪሎቭና የተናጠል ተክል ልዩነት

አጽሕሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ የሩሲያዊውን የዕፅዋት ተመራማሪ የኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭን (1887–1943) ሕይወት ከአንድ ጥያቄ አንጻር ይተርካል። ጥያቄው፣ ከአንድ ከረጢት የወጡ ዘሮች በአንድ አፈር ላይ በቅለው ሳለ በቁመትም ሆነ በሚያብቡበት ጊዜ እርስ በርስ ለምን ይለያያሉ የሚል ነው። ቫቪሎቭ ይህንን ልዩነት በሦስት ቦታዎች መርምረዋል፤ በፋርስና በፓሚር የእህል ማሳዎች፣ በቮልጋ ዳር በሚበቅለው ዱር ካናቢስ እንዲሁም በኢትዮጵያ ደጋ። ጽሑፉ የተናጠል ተክል ልዩነት የመለኪያ ስሕተት ሳይሆን ራሱን የቻለ መረጃ መሆኑን ከሕይወታቸው በመነሣት ያሳያል። በጎጃም ደጋ የሰብል ጥናት ለሚያካሂዱ ተመራማሪዎችም አንድ ሐሳብ ያቀርባል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ ቫቪሎቭ፣ የተናጠል ልዩነት፣ የማበቢያ ጊዜ፣ ካናቢስ፣ የአርሶ አደር ዝርያ፣ ጎጃም

1. መግቢያ

ካናቢስን በቤት ማብቀል በሕግ በተፈቀደባቸው አገሮች፣ ለምሳሌ ከ2018 ጀምሮ በአብዛኛው የካናዳ ክፍል፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በጀርመን፣ አብቃዮች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ እንቆቅልሽ አለ። ከአንድ እሽግ የወጡ ጥቂት ዘሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት አፈር፣ በአንድ መስኮት ሥር ይዘራሉ። አንዷ ተክል ቀድማ አበባ ትጥላለች፤ ሌላዋ ሳምንታት ትዘገያለች። አንዷ ከስንዝር ብዙም ሳታልፍ ታብባለች፤ እኅቷ ግን ወገብ ድረስ ትደርሳለች። አብቃዩም ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የዘሩ ብሎ ይጠይቃል።

ጥያቄው ጎልቶ የሚነሣው በዕድሜያቸው ብቻ በሚያብቡት የካናቢስ ዓይነቶች ላይ ነው። መደበኛው ካናቢስ ለማበብ ሌሊቱ እስኪረዝም ይጠብቃል። በዕድሜው የሚያብበው ግን የቀኑን ርዝመት ሳይጠብቅ፣ ከበቀለ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ አበባ ይሸጋገራል። ከዚህ ጠባይ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ተክሉ በለጋነቱ በውኃ መብዛት ወይም በብርድ አንድ ሳምንት ቢባክንበት፣ የባከነውን የሚያካክስበት ጊዜ አይኖረውም። መደበኛው ዓይነት አበባው እስኪደርስ ድረስ ሊያገግም ይችላል፤ በዕድሜው የሚያብበው ግን በሰዓቱ ያብባል፤ ትንሿ የመጀመሪያ ልዩነትም እስከ መጨረሻው ትዘልቃለች። ሁለተኛ፣ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ቁራጩ የእናቱን ዕድሜ ይዞ ስለሚቀጥል፣ በቅርንጫፍ ማባዛት እምብዛም አይጠቅምም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተክል ከዘር ይነሣል፤ ከዘር የተነሣ ሁሉ ደግሞ የራሱ ውርስ አለው።

በአገራችን ካናቢስን ማብቀል በወንጀል ሕጉ የተከለከለ ነው። ይሁን እንጂ ተክሉ ለምድራችን እንግዳ አይደለም። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በቀድሞው ቤጌምድር፣ ላሊበላ ዋሻ ተብሎ በሚጠራ ስፍራ በቁፋሮ የተገኙ፣ በ14ኛው ምእተ ዓመት ገደማ የሚገመቱ ሁለት የሸክላ ጋያ ራሶች የካናቢስ ቅሪት ተገኝቶባቸዋል። ለዚህ ጽሑፍ ግን ዋናው ጉዳይ የተክሉ ጥቅምና ጉዳት አይደለም። ዋናው ጉዳይ በዕድሜው ብቻ የሚያብበው የካናቢስ ወገን በሳይንስ የተገለጸው በሳራቶቭ ከተማ መሆኑ ነው። በዚያው ከተማ ያስተማሩ፣ ስለ ዱር ካናቢስ የጻፉ፣ በኋላም በበቅሎ ጎጃምን ያቋረጡ አንድ ሰው ነበሩ።

2. ትምህርትና የመጀመሪያው ጥያቄ

ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1887 በሞስኮ ተወለዱ። አባታቸው ከገበሬ ቤተ ሰብ ተነሥተው በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የከበሩ ሰው ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው ሰርጌይ ወደ ፊዚክስ ሲያዘነብሉ፣ ኒኮላይ የሞስኮ ግብርና ተቋምን መረጡ። በ1913 ወደ እንግሊዝ ተሻግረው፣ ጄኔቲክስ ለተባለው አዲስ ሳይንስ ስያሜውን ከሰጡት ከዊሊያም ቤትሰን ዘንድ ሠሩ። በዚያ ዘመን የሜንዴል ሥራ እንደገና ከተገኘ ገና ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ወጣቱ ተመራማሪ በበሽታ የተመታ ማሳ ሲያዩ ዓይናቸውን የሚስበው የታመመው ብዙኀን ሳይሆን በመካከሉ ጤነኛ ሆኖ የቆመው ጥቂት ተክል ነበር። በ1919 የታተመው ስለ ዕፅዋት በሽታ መቋቋም የጻፉት መጽሐፍ መነሻው ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ጉዞ በ1916 ሆነ። በሰሜን ፋርስ የሰፈሩ የሩሲያ ወታደሮች ዳቦ ከበሉ በኋላ ይታመሙ ስለነበር፣ ቫቪሎቭ ምክንያቱን እንዲመረምሩ ተላኩ። ያገኙት መልስ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንም፤ ስንዴው በእንክርዳድ ተበክሎ ነበር። በስንዴ መካከል ተመሳስሎ የሚበቅለው እንክርዳድ ለጎጃም ገበሬ የቆየ ባላንጣ ነው። ቫቪሎቭ ግን ከዚህ አልፈው ሌላ ነገር አስተዋሉ። ከዚያ ወደ ፓሚር ተራሮች ሲወጡ፣ ቆላ ላይ የስንዴ አረም ሆኖ የሚታየው ራይ የተባለው እህል፣ ከፍታው በጨመረ መጠን ከስንዴው እየበዛ፣ በመጨረሻም ስንዴውን ተክቶ ራሱ ሰብል ሆኖ አገኙት። ገበሬው ራይን አልመረጠውም፤ ብርዱ መረጠለት። ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ ሰብሎች የቀድሞ አረሞች ናቸው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ለዚህም መሠረቱ በአንድ ማሳ ውስጥ ያሉ ተክሎች እኩል አለመሆናቸው ነው። ሁሉም እኩል ቢሆኑ ኖሮ ብርዱ የሚመርጠው ነገር ባልኖረ ነበር።

3. ሳራቶቭና የቮልጋ ዳር ካናቢስ

ቫቪሎቭ በ1917 በቮልጋ ዳር በምትገኘው በሳራቶቭ ማስተማር ጀመሩ። የአብዮትና የእርስ በርስ ጦርነት፣ ቀጥሎም የረኃብ ዘመን ነበር። በ1920 በዚያው ከተማ በተካሄደ የዘር አሻሻዮች ጉባኤ ላይ የተጓዳኝ ልዩነቶችን ሕግ አቀረቡ። ሕጉ በአጭሩ፣ በዘር የተቀራረቡ ዕፅዋት ልዩነታቸውም የተቀራረበ ነው ይላል። ስንዴ ጺም ያለውና የሌለው፣ ነጭና ጥቁር፣ ፈጥኖ ደራሽና ዘግይቶ ደራሽ ካለው፣ ገብስም ራይም እነዚህኑ ይኖሯቸዋል፤ በአንዱ የጎደለው ገና ያልተገኘ ነው ተብሎ ሊፈለግ ይገባል። ልዩነት እንዲሁ የተበተነ ሳይሆን ተርታ ያለው ሆነ።

በሳራቶቭ አካባቢ ደግሞ በመንገድ ዳር፣ በቆሻሻ መጣያና በፈረሰ ቤት አጠገብ የሚበቅል ካናቢስ ነበር። ማንም አይዘራውም። አጭር ነው፤ ፈጥኖ ያብባል፤ ፍሬው ሲደርስ ራሱ ይረግፋል። የለማው ካናቢስ ግን ሰው እስኪያጭደው ዘሩን ይዞ ይቆያል። የሳራቶቩ የዕፅዋት ሊቅ ያኒሼቭስኪ በ1924 ይህን ዱር ወገን ካናቢስ ሩደራሊስ ብለው ሰየሙት። በፍሬው ግርጌ ያለው ቅባታማ ክፍል ቀይ ትኋን መሰል ነፍሳትን እንደሚስብ፣ እነርሱም ዘሩን እየጎተቱ እንደሚበትኑት ገለጹ። ቫቪሎቭም ይህንኑ ተክል በደቡብ ምሥራቅ ሩሲያ አጥንተው፣ በ1926 ባሳተሙት የለሙ ዕፅዋት መገኛዎችን በሚመለከት ሥራቸው ውስጥ ሰፊ ቦታ ሰጡት። እንደ እርሳቸው አመለካከት ካናቢስ ሰውን ተከትሎ የመጣ ተክል ነው። ማዳበሪያ የበዛበትን የመኖሪያ ቤት ዙሪያ ይወዳል፤ ሰው ካልዘራውም በደጃፉ ይበቅላል፤ ሰው ያለማውም በደጁ ስላገኘው ነው። በ1924 በአፍጋኒስታን ባደረጉት ጉዞም ቁመቱ ያጠረ፣ ዘሩ ያነሰ ሌላ ዱር ካናቢስ አግኝተዋል።

በዛሬው ዘመን በየቤቱ የሚበቅለው በዕድሜው የሚያብብ ካናቢስ የዚህ የቮልጋ ዱር ወገን ከለማው ጋር የመዳቀሉ ውጤት ነው። ጠባዩ በአብዛኛው ሪሴሲቭ ሆኖ ይወረሳል፤ ማለትም ከሁለቱም ወላጆች ካልተገኘ አይገለጥም። የማበቢያው ጠባይ ቢጸና እንኳ፣ ቁመትን፣ ቅርንጫፍንና የዕድገት ፍጥነትን የሚወስኑት ብዙዎቹ ሌሎች ዘረ መሎች ከሁለቱ የራቁ ወላጆች ተደባልቀው ይቀራሉ። እኅትማማች ዘሮች ባይመሳሰሉ አያስገርምም። ከዚህ ላይ ተክሉ ወንዴና ሴቴ ለየብቻ የሚበቅል፣ በነፋስ የሚዳቀል መሆኑ ሲጨመር፣ ሁለት ፍጹም ተመሳሳይ ዘሮች ማግኘት እጅግ ያስቸግራል። እንደ ስንዴና ገብስ በራሱ የሚራባ ተክል ግን በጥቂት ትውልድ ውስጥ ወደ ወጥነት ይደርሳል። የአርሶ አደር ማሳ ድብልቅ ሆኖ የሚቆየው ገበሬው ድብልቁን ስለሚጠብቀው ነው።

4. በጎጃም ደጋ

ቫቪሎቭ በ1921 ወደ ፔትሮግራድ ተዛውረው የአገሪቱን የዕፅዋት ስብስብ የመምራት ኃላፊነት ተቀበሉ። የዓለምን የሰብል ልዩነት በአንድ ጣሪያ ሥር የመሰብሰብ ዕቅድ ነበራቸው፤ ዕቅዱም ወደ ኢትዮጵያ አመጣቸው። በ1926 መጨረሻ በጅቡቲ በኩል ገቡ። በአዲስ አበባ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ተቀብለው አነጋገሯቸው። በ1927 መጀመሪያ የበቅሎ ቅፍለት አደራጅተው ወደ ሰሜን ተነሡ፤ የዓባይን ሸለቆ ወርደው ወደ ጎጃም ወጡ፤ በጎንደርና በአክሱም አድርገው እስከ አስመራ ዘለቁ።

ጎጃም በዚያን ጊዜ መቀመጫቸው ደብረ ማርቆስ በነበረው በራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ይተዳደር ነበር። ወቅቱ በጋ በመሆኑ የደጋው መኸር ተሰብስቧል። እንዲህ ባለ ጊዜ የማሳውን ልዩነት ማየት የሚቻለው በገበያ ላይ በተዘረጋ እህል፣ በአውድማና በጎተራ ነው። ተመራማሪው በኢትዮጵያ ደጋ ያገኙት በአውሮፓ ማሳ የማይታይ ነበር። በአንድ ገበሬ ስንዴ ውስጥ ነጭ፣ ቀይና ሐምራዊ ፍሬ ያላቸው፣ ጺማቸው የረዘመና ያጠረ፣ ቀድመው የሚደርሱና የሚዘገዩ ተክሎች ተደባልቀው ይገኙ ነበር። በገብስም እንዲሁ። በሌላ አገር ተለይተው የሚቈጠሩ ዝርያዎች እዚህ በአንድ ቁና ውስጥ ነበሩ። በአክሱም አካባቢ ደግሞ ጺም የሌለው ጠንካራ ስንዴ አገኙ። የተጓዳኝ ልዩነቶች ሕግ እንዲህ ያለ ተክል ሊኖር እንደሚገባ አስቀድሞ አመልክቶ ነበርና፣ ለእርሳቸው ትልቅ ማረጋገጫ ሆነ። ጤፍ፣ ኑግና ሐምራዊው ስንዴ የዚህ ምድር ልዩ ምልክቶች መሆናቸውን ጻፉ፤ ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መገኛዎች እንደ አንዷ ቈጠሩ።

በደጋው ያለው ሲናርም የቮልጋ ዳሩን ካናቢስ ያስታውሳል። ሲናር በገብስና በስንዴ መካከል የሚበቅል የአጃ ወገን ነው። ከወገኖቹ አንዱ ሲደርስ ፍሬው የሚረግፍ ሙሉ ዱር ነው፤ ሌላው ፍሬውን ይዞ ከገብሱ ጋር የሚታጨድ፣ ከገብሱም ጋር ተመልሶ የሚዘራ ከፊል ለማዳ ነው። የሚረግፈው የኢትዮጵያና የኤርትራ ሲናር ዛሬ በሳይንስ መጠሪያው አቬና ቫቪሎቪያና ይባላል፤ ስያሜው ለእርሳቸው መታሰቢያ ነው። በጮቄ ተራራ ግርጌ ገብስ የሚያርም ሰው ነቅሎ የሚጥለው አረም የአንድ ታላቅ ሊቅ ስም ሊኖረው እንደሚችል አያስብም።

5. ዘር ወይስ አፈር

ልዩነት ሁሉ ግን ከዘር አይመጣም። ቫቪሎቭ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር ከ1923 ጀምሮ አንድ ሰፊ ሙከራ አካሄዱ። ተመሳሳይ ዘሮችን ከዋልታው አቅራቢያ እስከ በረሃው ዳርቻ በተበተኑ ከመቶ በላይ ጣቢያዎች አዘሩ። ዘሩ አንድ ሆኖ ስፍራው ሲለያይ፣ የታየው ልዩነት የስፍራው ነው፤ ስፍራው አንድ ሆኖ ዘሩ ሲለያይ፣ የታየው ልዩነት የዘሩ ነው። የማበቢያ ጊዜ ከሁለቱም የሚነካ ጠባይ መሆኑም ከዚህ ሙከራ ጎልቶ ወጣ።

የቀን ርዝመትን ብቻ እንውሰድ። በሳራቶቭ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ከስምንት ሰዓት በላይ ይረዝማል። በደብረ ማርቆስ ግን ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በሳራቶቭ የሌሊቱን መርዘም የሚጠብቅ ተክል ፍሬው ሳይደርስ ውርጭ ሊቀድመው ይችላል፤ በዕድሜው የሚያብበው ዱር ካናቢስ ከዚህ አደጋ ያመልጣል። በጎጃም ደጋ ደግሞ ወቅቱን የሚወስኑት በዋናነት ዝናቡና ከፍታው ናቸው። ክረምቱ ፈጥኖ በወጣበት ዓመት ፈጥኖ ደራሹ ተክል ፍሬ ይሰጣል፤ ዝናቡ በረዘመበት ዓመት ዘግይቶ ደራሹ ይበልጣል። ድብልቅ ዘር የሚዘራ ገበሬ ሁለቱንም ዓመት አስቦ ዘርቷል ማለት ነው።

የቫቪሎቭ ውድቀትም የመጣው ከዚሁ የማበቢያ ጊዜ ጥያቄ ነበር። ትሮፊም ሊሴንኮ የተባሉ የግብርና ባለሙያ ዘርን በቅዝቃዜ በማሳደር የማበቢያ ጊዜውን ማፋጠን እንደሚቻል በ1920ዎቹ መጨረሻ አስታወቁ። ቫቪሎቭ በመጀመሪያ ይህን በበጎ ተቀብለው አበረታተዋል። ሊሴንኮ ግን ከዚያ አልፈው አካባቢ ውርስን ራሱን ይለውጣል፣ ዘረ መል የሚባል ነገር የለም ወደሚል አቋም ሄዱ። የመንግሥት ድጋፍም ወደ እርሳቸው አዘነበለ፤ ምክንያቱም ለረኃብተኛ አገር ፈጣን መልስ ቃል ገብተው ነበር። ልዩነትን ሰብስቦ፣ አዳቅሎ፣ መርጦ አዲስ ዝርያ ማውጣት ዓመታት ይፈጃል። በ1939 ኤድንብራ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የጄኔቲክስ ጉባኤ ቫቪሎቭን ፕሬዚዳንቱ አድርጎ ቢመርጥም፣ ከአገር እንዲወጡ አልተፈቀደላቸውም።

በነሐሴ 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር በመሰብሰብ ላይ ሳሉ ተያዙ። በ1941 ሞት ተፈረደባቸው፤ በኋላ ፍርዱ ወደ ሃያ ዓመት እስራት ተለወጠ። የታሰሩት በሳራቶቭ፣ በወጣትነታቸው ባስተማሩባት ከተማ ነበር። በእስር ቤት ሳሉም ለአብረዋቸው ታሳሪዎች ትምህርት ይሰጡ ነበር። የዓለምን የምግብ ሰብል ለመሰብሰብ አምስት አህጉር የዞሩት ሰው በጥር 1943 በእስር ቤት በምግብ እጦት ተጎሳቍለው ሞቱ። በእነዚያው ዓመታት በተከበበችው ሌኒንግራድ የሥራ ባልደረቦቻቸው የዘር ስብስቡን ሳይነኩ በረኃብ አለቁ። የሩዝ ስብስብ ጠባቂው ኢቫኖቭና የለውዝ ስብስብ ኃላፊው ሽቹኪን ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ቫቪሎቭ በ1955 ከቀረበባቸው ክስ ነጻ ተባሉ።

6. ከሞት በኋላ

የቫቪሎቭ ሐሳብ ሁሉ እንዳለ አልጸናም። የልጅነት ጊዜያቸውን በቫቪሎቭ ወዳጅ በአባታቸው ቤት ያሳለፉት አሜሪካዊው ጃክ ሃርላን፣ ልዩነት የበዛበት ስፍራ ሁሉ የሰብሉ መገኛ ነው ማለት እንዳልሆነ አሳይተዋል። ስንዴና ገብስ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ከቅርብ ምሥራቅ ነው፤ ልዩነታቸው ግን እዚህ ገበሬው እጅ በዛ። ይህ እርማት የደጋውን ገበሬ ድርሻ ከፍ ያደርገዋል እንጂ ዝቅ አያደርገውም።

የዚያ ልዩነት ዋጋም በሥራ ተፈትኗል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ ገብሶች የተገኘ ኤምኤልኦ የተባለ ዘረ መል በአውሮፓ የገብስን ዱቄታማ ሻጋታ በሽታ ለመከላከል በሰፊው አገልግሏል። በ1950ዎቹ ደግሞ ከኢትዮጵያ ገብሶች የቢጫ አጫጭር ቫይረስን የሚቋቋም ዘረ መል በካሊፎርኒያ ተለይቷል። ሁለቱም በድብልቅ ማሳ ውስጥ ከነበሩ ተክሎች የተገኙ እንጂ በአማካይ ውጤት የሚታዩ አልነበሩም። በአገራችን የዕፅዋት ዘረ መል ማእከል በ1976 ሲቋቋም፣ በኋላም በዶክተር መላኩ ወረደ አመራር የገበሬውን ዘር በገበሬው ማሳ የመጠበቅ ሥራ ሲጀመር፣ የቫቪሎቭ ሐሳብ በተጓዙበት ምድር ባለቤት አገኘ።

7. ማጠቃለያ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ለመመረቂያ ጥናት የገብስ ማሳ በመዘገበበት ወቅት፣ በቅጹ ላይ የተጠየቀው ከመደቡ ተክሎች ግማሹ እሸት ያወጣበት ቀን ብቻ ነበር። ይህ መለኪያ ተገቢና የተለመደ ነው፤ ዝርያዎችን ለማወዳደርም ይረዳል። ነገር ግን ቀድሞ እሸት ያወጣው የመጀመሪያው ተክልና ከሁሉ የዘገየው የመጨረሻው ተክል በዚያ ቍጥር ውስጥ አይታዩም። ሁለት መደቦች በአንድ ቀን ተመዝግበው ሳለ፣ አንዱ በሦስት ቀን ውስጥ ተጠቃልሎ ሌላው ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ለዝናብ መዋዠቅ የሚዘጋጀው ሁለተኛው ነው።

የቤት አብቃዩ ጥያቄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የዘሩ የሚለው፣ በማሳችንም ተመሳሳይ መልስ አለው። መልሱ የሚገኘው አንዱን ዘር በብዙ ስፍራ፣ ብዙውን ዘር በአንድ ስፍራ ዘርቶ እያንዳንዱን ተክል በመቍጠር ነው። ስለዚህ በጎጃም ደጋ በአርሶ አደር ዝርያዎች ላይ ጥናት የሚያካሂዱ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሁለት ነገሮችን ቢጨምሩ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ከግማሹ ቀን ጋር የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ተክል ቀን አብረው ይመዝግቡ። ሁለተኛ፣ ከአማካዩ የወጡትን ተክሎች ዘር ለይተው በመያዝ በሚቀጥለው ወቅት መልሰው ይዝሩ። ልዩነቱ ከአፈሩ ከሆነ በልጆቹ ላይ ይጠፋል፤ ከዘሩ ከሆነ ይደገማል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ ዓምድ በመዝገቡ ላይና ጥቂት የወረቀት ከረጢቶች ብቻ ነው።